መርከቡ ቢሰበርም

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ አለ። ሥራ ያጣ አለ። ልጁ ከቤት ወጥቶ የቀረበት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ «እምነት ካለህ አትጨነቅም» ብለን እናልፈዋለን። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ደቀ መዛሙርቱንም አብረውት እንዲተጉ ጠይቋል።

ታዲያ በመከራ ቀን በእግዚአብሔር መታመን ምን ይመስላል? እስቲ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እንይ። ጳውሎስ እስረኛ ነው፤ በመርከብ ወደ ሮም እየወሰዱት ነው። ዐውሎ ነፋስ መጣ። ጭነቱን ወደ ባሕር ጣሉ። ለብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም አልታዩም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ በመጨረሻ የመዳን ተስፋቸው ሁሉ እንደተቆረጠ ጽፏል። እሱም እዚያው መርከብ ላይ ነበር። አማኝ ሆኖ ሳለ ያን ጨለማ አልደበቀውም።

በሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ለጳውሎስ ቆመለት። «ጳውሎስ ሆይ፣ አትፍራ» አለው። እንግዲህ ጳውሎስም ፈርቶ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስም ለሰዎቹ የሰማውን ነገራቸው፤ ከእናንተ አንድም ሰው አይጠፋም፣ መርከቡ ግን ይጠፋል አላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኛ አብዝተን የምንጨነቀው ለመርከቡ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ሥራ እንዳይሄድብኝ፤ ይህ ዕቅድ እንዳይፈርስብኝ» እንላለን። እንዲህ ብሎ መለመን ምንም ክፋት የለበትም። ችግሩ፣ እግዚአብሔር ያልገባልንን ቃል እንደገባልን እንቆጥርና ነገሩ ሲፈርስ «ተወኝ» እንላለን። ያ መርከብ በእርግጥ ተሰባብሯል። ሰዎቹ ግን አንዳንዱ እየዋኘ፣ አንዳንዱ ሳንቃ ላይ ሆኖ ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ።

መልአኩ ከተናገረ በኋላም ነፋሱ አልቆመም። መርከበኞቹ ከኋላ 4 መልሕቅ ጥለው እስኪነጋ ናፈቁ። ቀጥሎም በታንኳ ሊሸሹ ሞከሩ። ጳውሎስ ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» አለው። የእግዚአብሔርን ቃል ይዞ ሳለ መርከበኛ ያስፈልገናል አለ! ስለዚህ ወገኖቼ፣ የታመመ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዕዳ ያለበት ካበደረው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሊነጋ ሲል ደግሞ ጳውሎስ ሁሉንም ብሉ ብሎ ለመናቸው። ምግብ ሳይቀምሱ 14 ቀን ሆኗቸዋል። እንጀራ ያዘ፣ በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ቆርሶም ይበላ ጀመር። ወታደሩ፣ መርከበኛው፣ እስረኛው ያየዋል። በመርከቡ ላይ 276 ሰው ነበር። ሁሉም ተጽናኑና በሉ። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ማዕበሉ አልቆመም፣ የብሱም ገና አልተረገጠም፤ እሱ ግን አመስግኖ እየበላ ነው። መታመን አንዳንዴ ከዚህ የበለጠ አይጠይቅም፤ አመስግኖ ቁራሽ መቅመስ፣ ትንሽም ቢሆን መተኛት፣ ጠዋት ተነሥቶ የዕለቱን ሥራ መያዝ።

ይኸው ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በአንዳችም አትጨነቁ» ብሎ ጽፏል። እዚያ ላይ ግን አላቆመም፤ ልመናችሁን በእግዚአብሔር ዘንድ አስታውቁ ይላል። ጭንቀታችሁን ዋጡት አላለንም፤ የምናደርስበትን ቦታ ነገረን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ነገሩን በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። የቤት ኪራዩን፣ የሐኪሙን ቀጠሮ፣ የልጃችሁን ስም። ማሳመር አያስፈልግም።

ብቻውን መጸለይ ያቃተው ካለ፣ ከመርሐ ግብሩ በኋላ እኔም ሌሎች አገልጋዮችም እዚሁ ፊት ለፊት እንቆያለን። መናገር ከከበዳችሁም ዝም ብላችሁ ኑ፤ እኛ እንጸልይላችኋለን።