ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ሃይላንድ ውሃ ነው ወይስ አሲድ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ስለ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ደህንነት ነው የምናወራው። ግን ከተማሪውና ከመምህሩ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ሥልጠና ሲሰጥ ማንም ከማይጠራቸው ሰዎች እንጀምር፤ ከጽዳት ሠራተኞች።

(ምስል፦ የኬሚስትሪ ላብ ጠረጴዛ፤ ቢከር፣ ጓንት፣ ምንም ያልተጻፈበት ሃይላንድ)

ያችን ሃይላንድ እዩዋት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ቀለም የለውም። ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ሊሆን ይችላል። ከትልቁ ጠርሙስ የቀዳው ሰው ያውቀዋል፤ እሱ ግን ወደ ቤቱ ሄዷል። ማታ የምትገባዋ ጽዳት ሠራተኛ ውሃ መስሏት ሲንክ ላይ ትደፋዋለች፣ ከዛ ሲንኩን ልታጥብ በረኪና ታፈስበታለች። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው ይሄ። ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሲብስ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ይሄ ሁሉ የሚመጣው ሥራዋን በደንብ ስለሠራች ነው፤ በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ኬሚካል ቀድታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ስሙን፣ ጥንካሬውን፣ የቀዳችሁበትን ቀንና የራሳችሁን ስም ጻፉበት። የአደጋ ምልክቱንም ለጥፉ፤ የኬሚካሉን ስም የማያውቅ ሰውም ምልክቱን አይቶ እጁን ይሰበስባል። የመጠጥ ዕቃ ውስጥ ግን በፍጹም አይቀመጥም፣ ቢጻፍበትም አይቀመጥም።

(ምስል፦ ጓንት የምታደርግ ጽዳት ሠራተኛ)

«እነሱ የኤጀንሲ ሠራተኞች ናቸው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ግቢ ካለ፣ ይሄ መልስ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ኤጀንሲው ደግሞ ላቡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲው ከነገረው ብቻ ነው። ላብ አሲስታንቱ ግማሽ ሰዓት ወስዶ፣ ይሄን አትንኩ፣ ይሄን እኛ እናነሳዋለን ብሎ እየዞረ ቢያሳያቸው ትልቅ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ አደጋው ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር። ታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዩሲኤልኤ ውስጥ፣ ሼሪ ሳንጂ የምትባል የ23 ዓመት ወጣት አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ እየሳበች ሳለ ሲሪንጁ ተለያየና ፈሳሹ ልብሷ ላይ ተቀጣጠለ። ጋዋን አልለበሰችም ነበር፣ ሹራቧ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነበር። የአደጋ ጊዜ ሻወሩ እዛው ላቡ ውስጥ ነበር፤ ግን አልተጠቀሙበትም። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች።

ሻወሩ የተሰቀለበትን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ሰው ሲደነግጥ እግሩ የሚወስደው ወደለመደው ቦታ ነው፣ ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁሉም ሰው፣ ጽዳት ሠራተኞችም ጭምር፣ እስከ ሻወሩ ሄዶ ገመዱን ይዞ ይየው። አሲድ ከነካችሁ የነካውን ልብስ ወዲያው አውልቁ፣ ሰው አየኝ አላየኝ አትበሉ፣ ከዛ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ከሆነ ሽፋኑን በጣት ገልጣችሁ ያዙት።

አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል፣ እኛ ግቢ ደግሞ ውሃ ይጠፋል። ስለዚህ ላብ ከመጀመሩ በፊት ቧንቧውን ክፈቱት። ካልወረደ የዛን ቀን የአሲድ ሥራ የለም፤ ሌላ ቀን ይሠራል።