ራጅ አንገትን አያይም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ነው። በፈረንጆቹ 1882 ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን የተናገረበት ዕለት። ኮሚቴው ስለ ቲቢ በጠቅላላው እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንገቴ ልነግራችሁ ነው።

በዲቪ ወደ አሜሪካ የመጣን አዋቂዎች አብዛኞቻችን አዲስ አበባ የደረት ራጅ ተነስተናል። ፊልሙን በትልቁ ፖስታ ይዘን፣ እንዳይታጠፍብን እየሰጋን፣ አውሮፕላን የተሳፈርን ብዙ ነን። የእኔ ራጅ ንጹህ ነበር። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንገቴ ላይ ባቄላ የምታክል እብጠት ወጣች። አታምም። እናቴ በስልክ «ንፍፊት ነው ልጄ፣ ይጠፋል» አለችኝ። አልጠፋም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላ አንቲባዮቲክ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበኛል። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ሐኪሙን «ቲቢ ይሆን እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ራጅሽ ንጹህ ነው፣ አትስይም» አለኝ። ሰባት ወር! በመጨረሻ አንዲት ነርስ የት አገር እንደተወለድኩ ጠየቀችኝ። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ቲቢ ነበር።

ወገኖቼ፣ የደረት ራጅ የሚያየው ደረትን ነው! አገር ቤት ከሦስት የቲቢ ታማሚዎች አንዱ ገደማ የሚታመመው ከሳንባ ውጭ ነው። ባክቴሪያውን ሳናውቅ ይዘነው እንመጣለን። አብዛኛው ሰው ላይ እንደተኛ ይቀራል። አንዳንዱ ላይ በዓመቱ፣ ሌላው ላይ ከ10 ዓመት በኋላ ይነቃል፤ አንገት ላይ፣ አከርካሪ ላይ፣ ሆድ ውስጥ። ሳል የለውም። እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ ሳል ይጠብቃል። ገና ሳንገባ ሳንባችንን የፈተሸ አገር፣ ከገባን በኋላ አንገታችንን ለማየት ሰባት ወር ሊፈጅበት አይገባም! «የት ተወለድሽ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እኛም ብንሆን እንደብቃለን። እኔ ከደባሌ ደብቄያለሁ፤ ጽዋዬን ለይቼ። ሳንባን ያልነካ የአንገት ቲቢ በትንፋሽ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ የነገረኝ አልነበረም።

መድኃኒቱ 6 ወር ነው። አከርካሪ ላይ ሲሆን ሊረዝም ይችላል። ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይድናል።

ከዚህ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ። አንገቱ ወይም ብብቱ ላይ የማይጠፋ እብጠት ያለበት ሰው ይምጣና ያናግረኝ። ቋንቋ የሚያስቸግረው ካለ ሐኪም ዘንድ አብሬው እሄዳለሁ።