ሳጥኑ ላይ «ለዊንዶውስ ኤክስፒ» የሚል ፋክስ ሞደም ሊኑክስ ላይ እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ጥቁር ሞደም፣ የስልክ ገመድ፣ የተጫጫረ ሲዲ]

ጤና ይስጥልን፤ ከባሕር ዳር ነው የምናወራችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ የቀበረው ዕቃ ነው። ፋክስ ሞደም።

«በዚህ ዘመን ደግሞ ምን ፋክስ አለ?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አናቱን እዩት። ስልክ፣ ፋክስ፣ ፖ.ሳ.ቁ.። ማህተም ያረፈበትን ወረቀት «በፋክስ ላኩልን» የሚል ቢሮ አሁንም ያጋጥማል። ፔዳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈታችሁ፣ ደንበኛ እንዲህ ብሎ ሲመጣ «የለንም» ብሎ መመለስ ይቆጫል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ቫይረስ በላው። ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ የሰፈር ልጅ ይጠራና ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ይጭንበታል። ፕሪንተሩ ይሠራል፣ ስካነሩ ይሠራል፣ ፋክሱ እምቢ ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ሞደም እኮ አይደግፍም» ይላል ልጁ።

«ምኑን ነው የማይደግፈው? ትናንት ሲሠራ አልነበር እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ዝርዝር የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አምራቹ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) የጻፈው ለየትኞቹ ሲስተሞች እንደሆነ። ሞደሙ በሌላ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ግን አይነግረንም። እሱን ለማወቅ ሞደሙ ውስጥ ያለውን ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ ሁለት ሞደሞች ጎን ለጎን]

ሞደም የኮምፒውተርን መረጃ በስልክ መስመር ወደሚሄድ ድምፅ ይቀይራል። የመጣውን ድምፅ ደግሞ መልሶ ይፈታል። ይህን ሥራ የሚሠራው ማነው? ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ዓይነት ራሱን የቻለ ነው። የራሱ ፕሮሰሰር አለው። ኮምፒውተሩ አጭር ትዕዛዝ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ እሱ ይፈጽማል። ትዕዛዞቹ «ኤቲ» ብለው ይጀምራሉ። ይህን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከስማርት ሞደሙ ጋር አመጣው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንዲህ ያለውን ሞደም ጽሑፍ በፖርት (መረጃ በሚገባበትና በሚወጣበት በር) መላክ የሚችል ማንኛውም ሲስተም ያዘዋል። ድራይቨር ብሎ ነገር ብዙም አያሳስበውም።

ሁለተኛው «ዊንሞደም» የሚባለው ነው። ዋጋው እንዲወርድ ፕሮሰሰሩን አወጡና ሥራውን በድራይቨር በኩል ለኮምፒውተሩ ሰጡት። ጆሮና አፍ አለው፣ ጭንቅላቱ ግን ሲዲው ላይ ነው። የድሮ ላፕቶፖች ውስጥ ያለውና በካርድ መልክ የሚሰካው አብዛኛው ይሄ ነው።

ከላይ አይቶ መገመት ይቻላል። ከውጭ የሚቀመጥ፣ ባለ 9 ፒን ሲሪያል ገመድ ያለው፣ የራሱ ቻርጀር የሚሰካበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዩኤስቢ ከሆነ ግን ሁለቱም አሉ፤ ሰክቶ ማየት ነው።

[ስክሪን፦ ተርሚናል። ሞደሙ ሲሰካ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መልእክቶች ይታያሉ]

ሰካነው። እዚህ መስመር ላይ «ሲዲሲ ኤሲኤም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ቲቲዋይ ኤሲኤም 0» የሚል ፖርት ተፈጥሯል። እሰይ! ይህ ለዩኤስቢ ሞደሞች የወጣ የጋራ ደንብ ነው፤ ሊኑክስ ድራይቨሩን ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል። የዩኤስ ሮቦቲክስ 5637 ለምሳሌ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሲሪያል ሞደም በዩኤስቢ መቀየሪያ ከሰካችሁ ደግሞ ስሙ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ይሆናል።

ምንም ፖርት ካልመጣና የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ላይ ኮኔክሳንት፣ አጊር ወይም ስማርት ሊንክ የሚል ካያችሁ፣ ምናልባት ዊንሞደም ነው። ለአንዳንዶቹ የሊኑክስ ድራይቨር ተሠርቶ ነበር። ግን ከፊሉ ተዘግቶ የተሰጠ ስለሆነ ከአዳዲስ ከርነሎች ጋር አይስማማም። እኔን ከጠየቃችሁኝ እሱን ለማስነሳት ሌሊት አታጥፉ፤ ከሆነ ሱቅ ጥግ አቧራ የጠጣ ሲሪያል ሞደም ፈልጉ። «ኤክስፒን ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ልጫነውስ?» ለዩኤስቢ ሞደም ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካውን ካርድ ግን ቨርቹዋል ማሽኑ በተለመደው አሠራር አያየውም።

ዊንዶውስ ላይ ላላችሁም በአጭሩ። 64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም፤ ስለዚህ ያ ሲዲ አይረዳችሁም። ሞደሙ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ግን ከኮንትሮል ፓኔል «ስታንዳርድ 33600 ቢፒኤስ ሞደም» የሚለውን ራሳችሁ ምረጡለት።

ወደ ሊኑክሳችን እንመለስ። ፖርቱ መጥቶም «ፈቃድ የለህም» ሊላችሁ ይችላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» የሚባለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። አስገቡት፣ ከዚያ ከአካውንቱ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ሌላም የተደበቀ እንቅፋት አለ። «ሞደም ማናጀር» የሚባል ፕሮግራም ከጀርባ ሆኖ አዲስ የተሰካ ሞደም ባየ ቁጥር ፖርቱን ይነካካል። የተሠራው ለሲም ካርድ ኢንተርኔት ነው፤ እዚህ ግን ይረብሻል። አስቁሙት።

[ስክሪን፦ ለሞደም ትዕዛዝ የሚጻፍበት ሚኒኮም የተባለ ፕሮግራም ክፍት ነው]

አሁን ሞደሙን እናናግረው። «ኤቲ» ብለን ኢንተር። «ኦኬ» አለ። ከዚህ በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ችግር አይደለም።

ቀጥሎ «ኤቲ+ኤፍክላስ=?»። መልሱ 0፣ 1፣ 2 እያለ ይወርዳል። 0 ተራ ዳታ ነው። 8 ካለ ድምፅ ነው። ለኛ የሚያስፈልጉን 1፣ 2 ወይም 2.0 የሚባሉት የፋክስ ክላሶች (አሠራሮች) ናቸው። 0 ብቻ ከመለሰ ፋክስ አይችልም፤ ሳጥኑ ይዋሽ ይሆናል፣ እሱ አይዋሽም። ክላስ 1 ላይ የፋክሱን ንግግር የሚመራው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሰዓት መጠበቅ ስላለበት የተጨናነቀ ኮምፒውተር ያበላሽበታል። ክላስ 2 እና 2.0 ላይ ግን አብዛኛውን ሞደሙ ይወጣዋል። ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነና ሞደሙ 2.0 ካለው እሱን ሞክሩ።

ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አንቆይም። ለአንድ ሱቅ «ኢፋክስ ጂቲኬ» ይበቃል። ብዙ ሠራተኛ በኔትወርክ የሚልክበት ቢሮ ከሆነ «ሃይላፋክስ» ይሻላል፤ አደረጃጀቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ ያለው የስልክ ሶኬት]

መስመሩን አትርሱት። መጀመሪያ ተራ ስልክ ሰክታችሁ «ቱ…» የሚለውን ስሙ። ኢንተርኔቱ በዚያው የመዳብ መስመር የሚመጣ ከሆነ፣ ሞደሙና ሶኬቱ መካከል የኢንተርኔቱን ምልክት ከስልኩ የምትለየው ትንሿ ፊልተር መኖር አለባት። ሲም ካርድ የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ ግን ይቅርባችሁ፤ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልከው ፋክሱ ይበላሻል። ድምፁ በደንብ እየተሰማ ሞደሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» ካለ፣ ከመደወሉ በፊት «ኤቲኤክስ3» ላኩለት። ያን ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል።

አሁን «ኤቲኤም2» ብላችሁ ስፒከሩን ክፍት ተዉትና 011 ብላችሁ አዲስ አበባ ወዳለው ፋክስ ደውሉ። ጆሮ ስጡት።

[ድምፅ፦ ፋክስ ሲገናኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ]

አጭር ጢጥ የሚለው የኛ ሞደም ነው። 1100 ኸርዝ፣ ግማሽ ሰከንድ ይጮህና ሦስት ሰከንድ ያርፋል። «ፋክስ ነኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ ረጅምና ቀጭን ጩኸት ይመጣል፤ 2100 ኸርዝ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል። ይሄ የወዲያኛው መልስ ነው። ቀጥሎ በሰከንድ 300 ቢት ብቻ የሚሄድ የሚንገራገጭ ድምፅ አለ። ተቀባዩ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል ይናገራል፣ ላኪው ይመርጣል። ከዚያ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል የሙከራ ጩኸት። ጥርት ብሎ ከደረሰ «ቀጥል» ይባላል፤ ገጹም ሽሽሽ እያለ ይሄዳል።

ይህን ከለመዳችሁ ችግሩን በጆሮ ታገኙታላችሁ። ረጅሙ ጩኸት ካልመጣ ወዲያ ማዶ ያነሳው ፋክስ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ጸሐፊዋ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለች ነው። መንገራገጩና የሙከራው ጩኸት ደግመው ደጋግመው ከመጡ መስመሩ ቆሽሿል፤ ፍጥነቱን እየቀነሱ እየሞከሩ ነው። ከመጀመሪያውኑ በሰከንድ ከ14400 ወደ 9600 ቢት አውርዱት። ገጹ አልቆ መጨረሻ ላይ «አልተላከም» ካለ ደግሞ ቶሎ አትድገሙ። ገጹ ደርሶ ማረጋገጫው ብቻ ጠፍቶ ይሆናል፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

[ስክሪን፦ አንድ ደብዳቤ በሁለት ጥራት፣ «ሰ» እና «ሸ» ቀርበው ይታያሉ]

ለአማርኛ ደብዳቤ ይሄን ልብ በሉ። ፋክስ ፊደል አያውቅም፤ ገጹን ጥቁርና ነጭ ነጥብ አድርጎ ነው የሚልከው። በተራው ጥራት ቁመቱ ላይ በኢንች 98 መስመር ገደማ ብቻ ነው ያለው። የኛን «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አናት ላይ ያለች ቀጭን ሰረዝ ናት። ትንሽ ፊደል ሲሆን ያቺ ሰረዝ ትዋጣለች። የሰው ስም ላይ ሲሆን ደግሞ ጣጣ ነው። «ፋይን» የሚለውን ምረጡ፤ 196 መስመር ያደርገዋል። ጊዜው ይረዝማል፣ ይርዘም።

ማህተሙም እንደዚያው። ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ጥቁርና ነጭ ሲደረግ ሊጠፋ ይችላል። በግራጫ ስካን አድርጉ፣ አጥቁሩት፣ ከመላካችሁ በፊት ቅድመ ዕይታውን እዩ።

መቀበልስ? መስመሩ ለስልክም የሚያገለግል ከሆነ በራሱ እንዲያነሳ አታድርጉት፤ የደወለ ሁሉ ጆሮው ላይ ይጮህበታል። ስልኩን አንሱ፣ ጢጥ የሚል ከሰማችሁ ፕሮግራሙ ጥሪውን እንዲረከብ እዘዙት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ማታ ሱቅ ስትዘጉ የስልክ ገመዱንም ንቀሉ። የመብራቱን ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም። የጣና ዳር መብረቅ በስልክ መስመሩም ይገባል፣ ሞደሙንም ይዞት ይሄዳል። ሌሊት ፋክስ ይመጣልኛል የሚል ደንበኛ ካለ ጠዋት ይላኩልህ በሉት።