ማጣቀሻ ውስጥ የሌሉት ሐኪሞች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ አለና ስለሱ ላውራችሁ።

ጽሑፉ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1958 ነው። ጸሐፊው ዴኒስ በርኪት ይባላል፤ ካምፓላ ውስጥ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም። የጻፈው በአፍሪካ ልጆች መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ ካንሰር ነው። አጭር ጽሑፍ ናት። ያኔ ብዙም ሰው ልብ አላላትም።

ነገሩ የጀመረው በ1957 ነው። የሥራ ባልደረባው ሂው ትሮዌል አንድ ሕፃን እንዲያይለት ጠራው። የልጁ መንጋጋ በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም አብጧል። በርኪት እንዲህ ያለ ነገር ግራ አጋባው። ትንሽ ቆይቶ ለሥራ ጂንጃ ወደምትባል ሌላ የኡጋንዳ ከተማ ሄደ። እዚያ ሆስፒታል ሆኖ በመስኮት ሲመለከት ፊቱ ያበጠ ሌላ ልጅ አየ። ወጥቶ መረመረው፤ ያው ነው፣ አራቱም ቦታ። ሁለተኛው ልጅ ነው እንቅልፍ የነሳው።

ወደ ሆስፒታሉ መዝገቦች ተመለሰ። መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ኩላሊታቸው ላይ፣ ጉበታቸው ላይ፣ ሆዳቸው ውስጥም ዕጢ ነበራቸው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞቹ ዕጢውን በወጣበት ቦታ እየለዩ የተለያየ ስም ይሰጡት ነበር። በርኪት ግን በሽታው አንድ ነው አለ። ለእኔ ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው በየክፍሉ ያየውን እሱ አንድ ላይ አየው።

ከዚያ ጥያቄው "የት የት አለ?" ሆነ። ፎቶ ያለበት በራሪ ወረቀት አሳትሞ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች ከሺህ በላይ በፖስታ ላከ። መልስ ሲመጣለት ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል። በ1961 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር ያገለገለ መኪና ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ደርሶ መልሱ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ነበር። በየሆስፒታሉ እየቆሙ ይጠይቃሉ። በሽታው ሞቃትና ዝናባማ በሆነ ቆላ ይበዛል፤ ደጋና ደረቅ አካባቢ ሲደርሱ ይጠፋል። ካርታው ከወባ ካርታ ጋር ይመሳሰል ነበር።

ከጉዞው በፊት፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ለንደን ውስጥ ንግግር አድርጎ ነበር። አድማጮቹ መሃል አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ ተቀምጧል። ቦታና አየር የሚመርጥ ካንሰር ሲባል ሲሰማ ወዲያው ቫይረስ ጠረጠረ። የዕጢ ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ምንም የለም! በ1963 ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላኑ በጭጋግ ምክንያት ማንቸስተር አረፈ፤ ናሙናው ዘገየ። ሲደርስ ዕጢው የተቀመጠበት ፈሳሽ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበት ተበላሽቷል ብሎ መድፋት ቀላል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ሕያው የካንሰር ሕዋሳት ናቸው የሚንሳፈፉት። በ1964 ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱን ማየታቸውን ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ የመጀመሪያው ቫይረስ እሱ ነው፤ ኤፕስታይን ባር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የተከተለው ጥናት ማለቂያ የለውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሕዋሳትን መባዛት የሚቆጣጠረው ሚክ የተባለው ጂን በዚህ ዕጢ ውስጥ ቦታውን ለቆ እንደሚገኝ ታወቀ። ዛሬ ጂኑ በሌሎች ብዙ ካንሰሮችም ይጠናል። በመድኃኒት ብቻ ካንሰርን መፈወስ እንደሚቻል ቀድመው ካሳዩት በሽታዎችም አንዱ ይኸው ነው።

የአንድ ተመራማሪ ተጽዕኖ ሲለካ "ጽሑፉ በሌሎች ጥናቶች ማጣቀሻ ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?" ይባላል። እኔ በዚህ ብቻ አልስማማም። ለዚያ በራሪ ወረቀት መልስ የጻፉት የገጠር ሐኪሞች በየትኛው ቁጥር ይገባሉ? በሥራ ተጠምደው እያለ ቁጭ ብለው "አዎ፣ እኛም ጋ አለ" ብለው የጻፉት? "እኛ ጋ የለም" ያሉትስ? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሁለተኞቹ መልስ ይበልጥ ይገርመኛል። የካርታው ጠርዝ የተሰመረው በእነሱ ነውና። ናሙና የተወሰደባቸው ልጆችም አሉ፤ ስማቸው የትም የለም።

ዛሬ በሽታው ሀብታም አገሮች ውስጥ ከያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ ይድናሉ። በርኪት መጀመሪያ ባየበት ምድር ግን ብዙ ልጆች ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ሕክምናውን የሚያቋርጡም አሉ። በሚቀጥለው ክፍል ስለዚህ በደንብ ማውራት እፈልጋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ።