የትኛው እንስሳ ለየትኛው ጥያቄ? (የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ስንሰበሰብ የካንሰር ሕሙማን የሚታከሙበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግር የሚደረስ ነው። የዘር ፍሬ ካንሰር በአብዛኛው የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ሲሆን ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብዙዎቹን ያድናል። የእንስሳ ሞዴል፣ ማለትም በሽታውን የምናጠናበት እንስሳ፣ አጥብቀን የምንፈልገው መድኃኒቱ ለማይሠራላቸው ነው።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው 129 በሚባለው የአይጥ ዝርያ ነው። ሊሮይ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጃክሰን ላብራቶሪ ከወንዶቹ 1 በመቶ ያህሉ ቴራቶማ የተባለ የዘር ፍሬ ዕጢ እንደሚያወጡ አሳየ። በዲኤንዲ1 ጂን ላይ ያለው "ቴር" የተባለ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ቁጥሩ 94 በመቶ ይደርሳል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። እነዚህ ወንዶች መካን ስለሆኑ የምናራባው ነጠላ ተሸካሚዎችን፣ ማለትም ሚውቴሽኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱትን ነው፤ የምንፈልገው ወንድ ከሚወለዱት 8 አንዱ ብቻ ነው። አሥር የታመሙ ወንዶች የሚፈልግ ተመራማሪ ከ80 በላይ ልጆች እንዲወለዱ ማቀድ አለበት። እያንዳንዱም በፒሲአር (በዲኤንኤ ምርመራ) ይለይ። ዘሩ ሲ57 ከተባለው የጥቁር አይጥ ዝርያ ጋር ከተደባለቀ የዘር ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ፍሬው ይኮሰምናል፣ ዕጢ ግን አይወጣም። ሚውቴሽኑ ጠፋ ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ መጀመሪያ የዘር ዳራውን መርምሩ።

ናሙና ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ የተሳሳተ ፊክሴሽን (ሕብረ ሕዋስ እንዳይበሰብስ በኬሚካል ማቆየት) ነው። የፍሬው ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ሳይበሳ ቡዋን ወደተባለው ማቆያ ፈሳሽ የገባ ፍሬ ፈሳሹ ወደ ውስጡ ሳይደርስ ይበሰብሳል። በቀጭን መርፌ ብሱት፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ለሁለት ከፍላችሁ ወደ ቡዋን ፈሳሽ መልሱት። በማግሥቱ ቢጫው እስኪለቅ በ70 በመቶ አልኮል እጠቡት። ቡዋን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ለጂን ምርመራ የሚሆነውን ቁራጭ አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ።

በግልጽ ልናገር፦ የዚህ አይጥ ቴራቶማ የሚጀምረው በፅንስ ዕድሜ ነው፤ የሚመስለውም የሕፃናትን ዕጢ እንጂ በ12ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ መብዛት የሚታወቀውን የአዋቂዎች ሴሚኖማ (ከዘር ሴሎች የሚነሳ የፍሬ ካንሰር) አይደለም። ስለ ሲስፕላቲን መቋቋም የሚጠይቅ ሰው እንደ ኤንቴራ-2 ያሉ፣ ከሰው የዘር ፍሬ ካንሰር የተገኙ ሴሎችን የበሽታ መከላከያ በሌላቸው አይጦች ላይ ያሳድግ። ከዚያ በፊት ሴሎቹ በማይኮፕላዝማ ባክቴሪያ አለመበከላቸው ይመርመር፤ የአይጦቹም ክብደት በየጊዜው ይለካ፣ መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳልና።

ያረጁ ውሾች ሴሚኖማ በተፈጥሮ ይይዛቸዋል፤ ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረበት ውሻ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃል። በከተማችን ውሻ የምታመክኑ ሐኪሞች፣ ያወጣችሁትን ያልወረደ ፍሬ አትጣሉት፤ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር የውሻውን ዕድሜና የፍሬውን ጎን (ግራ ወይም ቀኝ) ጽፋችሁ አስቀምጡልን። አሰባሰቡን ከሰዓት በኋላ እንወስናለን። ጉባኤው ተከፍቷል።