«ጉልበትሽ ደክሟል?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ትርጉም የምትሠሩም፣ ክሊኒክ የምትውሉም እዚህ አላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መጠይቅ ነው፤ ስሙ ሳርኮል። መጠይቅ ሲባል እንቅልፍ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አቅምም ይቀንሳል። ከልክ ሲያልፍ ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ ይሉታል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው አሜሪካዊው ኧርዊን ሮዘንበርግ ነው፤ «ሥጋ» እና «እጦት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት። የአውሮፓ ባለሙያዎች መለኪያ አስጨብጠው የእጅን ኃይል ያያሉ። ወንድ ከ27፣ ሴት ከ16 ኪሎ በታች ከሆነ ያሳስባቸዋል። ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትም አለ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ምልክት ነው። ቤት ስትገቡ ሞክሩት፤ እዚህ ግን ይቅር፣ ወንበሮቹ አይመቹም።

ኪሎና ሰከንድ ግን ያ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚውል አይነግሩንም። ደረጃ ሲያይ ይጨንቀዋል? መውደቅ ፈርቶ ከቤት መውጣት ትቷል? ለዚህ ነው ቤልጂየም ውስጥ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳርኮልን በፈረንሳይኛ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት። 22 ጥያቄዎች፣ በውስጣቸው 55 ንዑስ ጥያቄዎች። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ሲሆን ከፍ ሲል ኑሮው ይሻላል ማለት ነው።

ፖላንዶች ወደ ቋንቋቸው መለሱትና የፍተሻውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። የመጠይቁ የአተረጓጎም ሥርዓት ቀልድ አያውቅም። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ይተረጉማሉ፤ ሥራቸው ታርቆ አንድ ይሆናል። ዋናውን ያላዩ ሌሎች ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልሱታል። ከዚያ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይከራከራሉ። በመጨረሻ ለአረጋውያኑ ራሳቸው ቀርቦ «ይህ ጥያቄ ምን ብሎ ገባዎት?» ይባላል። ቀጥሎ ሚዛኑ ይፈተሻል። ሕመሙ ያለበትን ከሌለበት ይለያል? ያው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሞላው ተቀራራቢ መልስ ይሰጣል? የፖላንድኛው ፈተናውን አልፏል።

ፖላንድኛ የራሱ ጣጣ አለው። የማያውቁትን ትልቅ ሰው «አንተ» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ወንዱ «ፓን»፣ ሴቷ «ፓኒ» ይባላሉ፤ ግሱም በሦስተኛ መደብ ይሄዳል፣ «ጌታው ይደክማቸዋል?» እንደማለት። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ወረቀት ለማዘጋጀት ሁለቱን በእዝባር ለይቶ መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ «እርስዎ» ብለን እንገላገላለን።

እኛን የሚጥለን ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን እናቴን «እማዬ፣ ጉልበትሽ ደክሟል?» አልኳት። ቀኝ እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ፣ «ይሄኛው ነው። ግራው ደህና ነው» አለችኝ። እኔ የጠየቅኩት ስለ አቅም፤ እሷ የመለሰችው ስለ መገጣጠሚያዋ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ ሁለቱንም ነው።

አሁን ይህን በዚያ ሥርዓት አሳልፉት። መልሶ የሚተረጉመው ሰው «ጉልበት» የሚለውን አይቶ «ኃይል» ብሎ ያልፋል። ኮሚቴውም ይስማማል። ወረቀቱ ላይ እንከን የለም፤ ቁጥሩ ግን ጡንቻን ትቶ የጉልበት ቁርጥማት እየለካ ነው! በእኔ እምነት ስህተቱ የሚያዘው በመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው፣ አረጋውያኑ ፊት። እኔ እንዳየሁት ደግሞ ጊዜና ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ከወንበር ለመነሳት የሚቸገር ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም።

ጥያቄውን ቀየርኩት። «ከበርጩማ ስትነሺ የሆነ ነገር ትደገፊያለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ!» አለች እናቴ። «በርጩማዬን ግድግዳው ሥር ያስጠጋሁት ለምን መሰለህ?»

አመሰግናለሁ።