ከመርከቧ ሆድ የማይነሳው ክብደት

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የመርከብ መኮንኖችና መሐንዲሶች፤

ዛሬ ስለ ቋሚ ባላስት እናገራለሁ። መርከቧ እንዳትገለበጥ ከታችኛው ወለል ሥር ተቀምጦ በየወደቡ የማይራገፍ፣ ኪራይ የማያስገኝ ብረት ወይም ኮንክሪት ነው። የመርከብ ባለቤት «በዚህ ፈንታ ጭነት ብጭንስ?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱን ግን በቁጥር እናስረዳው።

1,900 ቶን የምትመዝን፣ የስበት ማዕከሏ ከመሠረቷ 5 ሜትር ከፍ ያለ መርከብ እንውሰድ። ከመሠረቱ ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ 100 ቶን ብረት ብናስቀምጥላት የስበት ማዕከሏ ወደ 4.775 ሜትር ይወርዳል፤ 22 ሴንቲሜትር ተኩል ዝቅ አለ ማለት ነው። ጥቂት ይመስላል? ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1746 ባሳተመው ሥራ ያስረዳው ሜታሴንተር የሚባል ነጥብ አለ። የስበት ማዕከሉ ከዚያ ነጥብ በታች ከሆነ ያጋደለች መርከብ ትቃናለች፤ ከበላዩ ከወጣ ግን የገዛ ክብደቷ ይበልጥ ያጋድላታል። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደንብ በሁለቱ መካከል የሚጠይቀው ዝቅተኛ ርቀት 15 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በእርግጥ መርከቧ በተጨመረው ክብደት ጠለቅ ስለምትል ሜታሴንተሩም ይንቀሳቀሳል፤ ስሌቱ ይህንንም ማካተት አለበት።

በብረት ፈንታ ታንክ ውስጥ የሚሞላ የባሕር ውሃ አይበቃም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም፤ ብረት ግን ከሰባት ቶን በላይ ነው። ስለዚህ በጠባብ ቦታ፣ እጅግ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ደግሞም ታንኩ ያልሞላ ውሃ መርከቧ ባጋደለች ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል። በደንብ የታሰረ ብረት ከቦታው አይነቃነቅም።

ባላስት ግን ለሁሉም ችግር መድኃኒት አይደለም። የስዊድኗ የጦር መርከብ ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ውስጥ በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጠመች። ከዚያ በፊት 30 ያህል ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሲፈትኗት ክፉኛ ስለተናጠች ሙከራው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ሆዷ ውስጥ ወደ 120 ቶን ድንጋይ ነበራት። ተጨማሪ ቢጫንባት የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ይበልጥ ወደ ውሃው ይቀርቡ ነበር። ጥፋቱ ከላይ የከበደው አሠራሯ ነበር። በሌላ በኩል ከልክ ያለፈ ባላስት መርከቧን በፍጥነትና በኃይል እንድትወዛወዝ ያደርጋታል፤ የጭነት ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ሠራተኛው ይንገላታል።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ የጥገና ጊዜ ነው። ከሥሩ ያለውን ዝገት ለመፋቅና ቀለም ለመቀባት ብረቱ አንድ በአንድ ይነሳል። ሥራው ሲያልቅ ግማሹ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል፣ ጥቂቱም በጥገናው ግቢ ይቀራል። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቋሚ ባላስት በጸደቀ ንድፍ መሠረት፣ እንዳይንሸራተት ሆኖ ይቀመጣል፤ ዝርዝሩም በመርከቧ የሚዛን መጽሐፍ ይመዘገባል፤ ያለ መንግሥት ባለሥልጣን ፈቃድ አይወጣም፣ ቦታም አይቀየርም።

እባካችሁ፣ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ብረት መዝኑ፣ ቁጥር ጻፉበት፣ ቦታውን በንድፉ ላይ አመልክቱ። አንድም ቢጎድል ወይም ቦታ ቢቀይር፣ ስሌቱ ተሠርቶ እስኪጸድቅ ድረስ መርከቧ ከጥገና ቦታው እንዳትወጣ።

አመሰግናለሁ።